ለአጥቢያችሁ አቅመ ደካሞች እህል ስታሰባስቡ

ደሴ ላይ ለጾመ ፍልሰታ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) እህል የምታሰባስቡ ሰንበቴዎችና ሰንበት ተማሪዎች፣ ሽሮውን ተፈጭቶ አትቀበሉ። በክረምቱ ጭጋግ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። አተሩንና ሽምብራውን በጥሬው ሰብስባችሁ እህሉ ሊታደል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አስቆልታችሁ አስፈጩ። ጆንያው መሬት አይንካ፤ ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍ፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበል። ኮምቦልቻ ላይ ለምታሰባስቡ ደግሞ፣ አየሩ ሞቅ ስለሚል የእህሉ ጠላት ነቀዝ ነው፤ የከረመ እህል ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት 10 ኪሎ ጤፍ ቢሰጣቸው ማን ያቦካል፣ ማንስ ይጋግራል? ጤፉ ጥግ ተቀምጦ ጎረቤት ይለምናሉ። ለእንዲህ ያሉት ጤፉን አቅራቢያቸው ላለች ጋጋሪ ስጡና እንጀራው ይድረሳቸው፤ በቀን 2 ቢበሉ ለሳምንት 14 ነው። አንድ ላይ ግን አይሁን፣ ይሻግታል። ረቡዕ 6፣ ቅዳሜ 8 አድርሱ። የሚያደርሰው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ መታመማቸውን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስም ዝርዝር ዐውደ ምሕረት ላይ አይነበብ፤ ተቸግሮ የሚያፍረው ሰው በዚያው ይቀራል። የነፍስ አባቶችን «ማን ተቸገረ?» ብላችሁ አታስጨንቁ፤ ድርሻውን ስጧቸውና እነሱ ያድርሱት። ገንዘብ ከመጣ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ይግባ፣ እህሉን ደግሞ ሁለት ሰው መዝኖ ይፈርም።