ብሬል በስልክ ስትጽፉ ትንሿን ጣት አሳርፏት

በስልክ ስክሪን ላይ ብሬል (በስድስት ነጥቦች የሚሠራውን የዓይነ ስውራን ጽሕፈት) የምትጽፉ፣ ነጥብ 3 እና 6 እየጠፉ አስቸግረዋችኋል? በእንግሊዝኛ «ኤል» ጽፋችሁ «ቢ» የሚወጣባችሁ ለዚህ ነው። ስልኩን አትውቀሱት፤ ጥፋቱ የትንሿ ጣት ነው።

ስልኩን አግድም ይዘን ስክሪኑን ወደ ውጭ ስናዞረው፣ ክብደቱን ከታች የሚሸከሙት ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ናቸው። ትንሿ ጣት ስትወጠር ጎረቤቷ የቀለበት ጣትም አብራ ትደርቃለች። ነጥብ 3 እና 6ን የምትነካው ደግሞ ይህችው የቀለበት ጣት ናት።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስይዝ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደርግና የስልኩን የታች ጠርዝ እሱ ላይ አስደግፋለሁ። ክርኖቼን ጎኔ ላይ ለጠፍ። አውራ ጣቶቼ የላይኛውን ጠርዝ ደገፍ ያደርጋሉ፣ ትንንሾቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። በቃ። ቦርሳ ከሌለ የታጠፈ ጃኬት ወይም ነጠላ ይሆናል።

አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ነጥቦቹን ጣታችሁ ወዳረፈበት አምጧቸው፦ የቀኝ ሦስት ጣቶችን አንድ ላይ ነካ አድርጎ ማንሳት፣ ወዲያው የግራ ሦስቱን። አያያዝ በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት።

ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ግን ይሄን ተዉት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ልክ እንደ ፐርኪንስ (የብሬል መጻፊያ ማሽን) ጻፉ። ታክሲው ኮረኮንች ውስጥ ሲገባም አቁሙ። እኔ በአንድ ጉድጓድ የተነሳ ለአማቴ ግማሽ መልእክት ልኬ፣ ቀሪውን በስልክ ሳስረዳ ነው የዋልኩት።