ስለ ባለ ኋላ መንኮራኩር የእንፋሎት መርከብ ሲያወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካናዳ የዩኮን ግዛት፣ በዋይትሆርስ ከተማ ወንዝ ዳር «ክሎንዳይክ» የተባለች ነጭ መርከብ ቆማለች። ርዝመቷ 64 ሜትር ነው። ስለ እርሷና ስለ መሰሎቿ የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ ይዛባል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ለፍታ የኖረች መርከብ ናትና ልፋቷ በትክክል ሊነገርላት ይገባል።

መንኮራኩሩን እንደ ጌጥ ማየት። ከኋላ የተደረገው በምክንያት ነው። ጥልቀት በሌለው ወንዝ ከመርከብ ሥር የሚሽከረከር ነገር ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር ይጋጫል። መንኮራኩሩ ግን የውሃውን ላይኛ ክፍል ብቻ እየቀዘፈ ይገፋል፤ ከኋላ በመሆኑም ቀፎው፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው የመርከቧ አካል፣ ከሚንሳፈፍ ግንድ ይከልለዋል። የመቅዘፊያው ሳንቃ ቢሰበር እንኳ እዚያው በእንጨት ይተካል።

መርከቧን የሚያዞራት መንኮራኩሩ ነው ማለት። አይደለም። የሚያዞሯት ከመንኮራኩሩ ፊት ያሉት የመሪ ሳንቃዎች ናቸው። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ሲሽከረከር ውሃውን በእነርሱ ላይ ስለሚረጨው ጠባብ መታጠፊያ ላይ በእጅጉ ይረዳታል።

የጉዞዋን ጊዜ በሞተሯ ጉልበት ብቻ መገመት። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ከዋይትሆርስ እስከ ዶውሰን ከተማ ወደ 740 ኪሎ ሜትር ነው። ከወራጁ ጋር ስትወርድ 36 ሰዓት ገደማ ይበቃት ነበር፤ ስትመለስ ግን አራት ወይም አምስት ቀን ይፈጅባት ነበር። ፋይቭ ፊንገር በተባለው ቦታ ዐለቶች ወንዙን አምስት ቦታ ይከፍሉታል፤ ሽቅብ የሚወጡት መርከቦች በብረት ገመድ ራሳቸውን እየጎተቱ ያልፉት ነበር። የብርዱ ወቅት ሲገባ ደግሞ ወንዙ በረዶ ስለሚሆን መርከቦቹ ወደ የብስ ይጎተቱ ነበር። እኛም ይህን ከባሮ እናውቀዋለን፦ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ለመጫን የሚደርሱት ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ብቻ ነበር።

እንጨቱን መርሳት። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠው ጋን፣ የሚበላው እንጨት ነበር። ሽቅብ ጉዞ ላይ ስድስት ጊዜ ያህል ወደ ዳር ተጠግታ እንጨት ትጭን ነበር። ያንን እንጨት በወንዙ ዳር ሰፍረው የሚቆርጡና የሚከምሩ ሰዎች ነበሩ፤ የመርከቧ ሠራተኞች ደግሞ በጠባብ ሳንቃ ላይ እየተመላለሱ ወደ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ካፒቴኑን አንስቶ እነዚህን መዝለል ግፍ ነው።

ቀፎውን ድርቅ ያለ አድርጎ ማሰብ። ረጅምና ጠፍጣፋ የእንጨት ቀፎ ነው፤ ከፊት ቦይለሩ፣ ከኋላ ሞተሮቹና መንኮራኩሩ ይከብዱታል። ሁለቱ ጫፎች እንዳይጎብጡ በምሰሶዎች ላይ የተወጠሩ የብረት ዘንጎች ይይዙታል።

ከወርቁ ግርግር ጋር አብረው አለቁ ማለት። ሰው ወርቅ ፍለጋ ወደ ዩኮን የጎረፈበት የወርቁ ግርግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሰክኗል፤ «ክሎንዳይክ» ግን የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዋና ሥራዋም ከ270 ቶን በላይ ጭነት መያዝ ነበር፤ ከማዮ አካባቢ የሚወጣውን የብርና የእርሳስ ማዕድን ሽቅብ ታመጣ ነበር። በ1936 ወንዙ ውስጥ ተሰብራ ስትቀር በ1937 በዚያው ስም አምሳያዋ ተተካች። የዚህችን ሁለተኛዋን ሥራ የነጠቃት የመኪና መንገድ ነው። ለጥቂት ጊዜ ጎብኚዎችን ካመላለሰች በኋላ በ1955 ቆመች። በ1966 ወደ አሁኑ ቦታዋ በከተማው ጎዳና ላይ ስትጎተት እንድትንሸራተት ከሥሯ ስምንት ቶን ሳሙና ተደረገላት።