ከፊት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

አፍንጫን ማስተካከልም ሆነ የዓይን ቆብን ወይም የተንጠለጠለ የፊትና የአንገት ቆዳን ማሳጠር በሐኪሙ እጅ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ የሚቀረው የማገገም ሥራ ግን በአብዛኛው የሚከናወነው በታካሚው ቤት ነው። ፊት ብዙ የደም ሥር ስላለበት ከሌላው የሰውነት ክፍል ፈጥኖ ይድናል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያብጣል፣ ቶሎም ይደማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥንቃቄ በአብዛኛው አንድ ዓላማ አለው፤ እርሱም በፊት ላይ የሚኖረው የደም ግፊት እንዳይጨምር ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሐሳብ ሐኪምዎ ከሰጡዎት መመሪያ ጋር ከተለያየ የሐኪምዎን ይከተሉ።

እብጠቱ በቀዶ ሕክምናው ዕለት አያበቃም፤ እያደር ጨምሮ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ መስታወት ሲያዩ ፊትዎ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ቢያገኙት ነገሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። በእነዚህ ቀናት በጀርባዎ ተኝተው በሁለት ወይም በሦስት ትራስ ራስዎን ከፍ ያድርጉ፤ ትራሱ አንገትን ብቻ ሳይሆን ትከሻንና የላይኛውን ጀርባም መደገፍ አለበት፤ አለዚያ አንገት ይታጠፍና ሌላ ሕመም ያመጣል። ሐኪምዎ ቅዝቃዜ ከፈቀዱ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙና ዕረፍት ይስጡት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን አደገኛ ነው፤ ቆዳው ስለደነዘዘ ቅዝቃዜው ሲጎዳው አይታወቅዎትም። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተወስዶ የተተከለ ቆዳ ካለ ሐኪሙ ሳይፈቅዱ ቅዝቃዜ አይነካውም።

እብጠት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በሁለቱም በኩል ቀስ በቀስ የሚመጣው የሚጠበቅ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ በድንገት የሚወጠር፣ የሚጠነክርና በማስታገሻ የማይቆም ሕመም ያለው እብጠት ግን ከቆዳው ሥር ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። የፊት ቆዳ ከተሳበ በኋላ ይህ ችግር በአብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስለሆነ በዚያች ሌሊት ብቻዎን አይደሩ። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ዓይኑን ከፍተኛ ሕመም ከተሰማው፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም እይታው ከደበዘዘ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ዓይነ ስውርነት በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ጠረን፣ የማይቆም የአፍንጫ ደም፣ የቆዳ መጥቆር፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ማበጥም ሐኪም ሳያዩት የሚታደርባቸው ምልክቶች አይደሉም።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የቤታችን ልማድ ነው። ራስን ከልብ በታች ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ደምን ወደ ፊት ይልካል፤ ወለል መወልወል፣ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ሕፃን ማንሳትና ስግደትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ክርስቲያኑ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ስግደቱን ሊያቆይ ይችላል፤ ሙስሊሙም ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደለት ነው። ጠያቂ ሲመጣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ስለማይቀር፣ በር ላይ የሚቀበለው የቤተሰብ ሰው አስቀድሞ ለእንግዳው ቢነግር ታካሚው ከማፈር ይድናል። አፍንጫው የተሠራ ሰው በርበሬ ሲቆላ ወይም ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ራቅ ይበል፤ ማስነጠስ ከመጣበትም አፉን ከፍቶ ያስነጥስ እንጂ አፍኖ አይያዘው። በቁልፍ የሚዘጋ ልብስ መልበስም በአንገት የሚጠለቅ ልብስ አፍንጫውንና ስፌቱን እንዳይነካ ያደርጋል።

መድኃኒትን በተመለከተ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሐኪም ካላዘዘ አይወሰዱ፤ ለልብ ሕመም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ችግር የለባቸውም፤ ለመድኃኒት ተብለው ከማር ጋር በብዛት ሲወሰዱ ግን የደምን መርጋት ሊያዘገዩ ይችላሉ። ሲጋራና ሺሻ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብቡ የተሳበው ቆዳ ደም አጥቶ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል፤ ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር በዚህ ወቅት ፈጽሞ መቅረት አለበት።

ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ሥጋ የሚበላ ሰው አይቸገርም፤ በጾም ወቅት የሚታከም ግን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በአኩሪ አተር ራሱን መደገፍ አለበት። ማኘክ በሚያምበት ጊዜ ሾርባ፣ ለብ ያለ አጥሚትና የለሰለሰ ፍርፍር ይስማማሉ። ጨው መቀነስ እብጠቱ እንዲጎድል ይረዳል፤ ውኃ በብዛት መጠጣት ደግሞ ማስታገሻ መድኃኒቶች ከሚያመጡት የሆድ ድርቀትና እርሱን ተከትሎ ከሚመጣው ማማጥ ይጠብቃል።

ስፌቱን በሐኪሙ ትእዛዝ ካልሆነ አይንኩት፤ ቅርፊቱን በጥፍር አይላጩ። የፊት ክር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ የአፍንጫ መደገፊያው ደግሞ በሳምንት ገደማ ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት መነጽር በአፍንጫ ላይ አይቀመጥም። ቅቤ፣ ዳማከሴ፣ ፌጦም ሆነ ማር በስፌቱ ላይ አይደረግም፤ ኩልም የዓይን ቆብ እስኪድን ይቆይ። የፊት ቆዳዋን ያሳጠረች ሴት ፀጉር ቤት ሄዳ ካስክ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ደግማ ታስብ፤ በጆሮ ዙሪያ ያለው ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደንዝዞ ስለሚቆይ ሙቀቱ ሳይሰማት ሊያቃጥላት ይችላል።

ብልዙ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይዘናጋል፤ ጠባሳው ግን መልኩን የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አዲስ ጠባሳ ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ ቢውል ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ሰፋ ያለ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዙ፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላም መከላከያ ኃይሉ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ተቀብተው በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። የሲሊኮን ቅባት ወይም ልጣፍ ለወራት በየቀኑ ሲደረግ ጠባሳውን ያለሰልሳል። በቤተሰብዎ ኬሎይድ የሚባለው ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ካለ ይህን ለሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይንገሩ፤ ጠባሳው ማሳከክና መደደር ሲጀምርም በመርፌ ቶሎ ማከም ካደገ በኋላ ከማስወገድ እጅግ ይቀላል።

ውጭ አገር ሄደው የታከሙ ከሆነ የአውሮፕላን ጉዞውን ቀን ሐኪሙ ይወስኑ፤ የተሠራውን ሥራ፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የክሩን ማውጫ ቀን የሚገልጽ ማስረጃ በእጅዎ ሳይገባም አይመለሱ፤ አገር ቤት የሚያይዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።