ለተቀበላችሁት ሥራ «ይቅርታ፣ አልመጣም» ስትሉ

ኮምቦልቻ ላለ ፋብሪካ «እሺ፣ እጀምራለሁ» ካላችሁ በኋላ ደሴ ላይ የተሻለ ሥራ ቢገኝ፣ ስልክ ዘግታችሁ አትጥፉ። መጀመሪያ ማኅተም ያረፈበትን አዲሱን የቅጥር ደብዳቤ በእጃችሁ አስገቡ፤ የቃል ተስፋ አይበቃም። በዚያው ቀን ለሰው ኃይል ኃላፊው ደውሉና «ከእኔ ቀጥሎ የተመረጠው ተጠባባቂ ሌላ ቦታ ሳይገባ ልንገርዎት ብዬ ነው» በሉ። እኔ እንዲህ ስል የኃላፊው ቁጣ ወዲያው በረደ፤ ማስታወቂያ እንደገና ከማውጣት ተጠባባቂውን መጥራት ይቀላቸዋላ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ በአካል መንገር ደግሞ ይበልጥ ያስከብራል። የዋስትና ደብዳቤ ካስገባችሁ አስመልሱ፣ ዋሳችሁን አደራ!

ሥራ ከጀመራችሁ ግን ነገሩ ይለያል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ሙከራው ካለቀ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ።