የአሮጌ ሶፋና የቴሌቪዥን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል
ስፖንጁ የተገለጠ አሮጌ ሶፋ ወይም ጀርባው ወፍራም የሆነ የድሮ ቴሌቪዥን በቤታችሁ ካለ፣ ዙሪያውን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ወልውሉት። እሳት ቶሎ እንዳይዛመት ተብለው በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ውስጥ ሲጨመሩ የቆዩት ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ፖሊብሮሚኔትድ ዳይፌኒል ኤተር የተባሉት፣ ከስፖንጁም ሆነ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካላዊ ትስስር ስላልተያያዙ ቀስ በቀስ ወደ ቤት አየር ይወጣሉ፤ ከዚያም አቧራ ላይ ያርፋሉ። ሙቀት ይህንኑ ስለሚያፋጥነው እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ጉዳዩ ቸል የሚባል አይደለም። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ያስነሣዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ግን ይዞ ያስቀረዋል። ወለል ላይ የሚድሁ ሕፃናት አቧራ የነካ ጣታቸውን ስለሚጠቡ ከአዋቂዎች ይበልጥ ይጋለጣሉና፣ እጃቸውን ከምግብ በፊት በሳሙና ማጠብ ከመወልወሉ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ከእነዚህ ኬሚካሎች የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት (በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ጎጂ ኬሚካሎችን ለማስቀረት በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ዝርዝር ውስጥ ቢገቡም፣ የቆየ ዕቃ ግን አሁንም ከቤት ቤት፣ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ቴሌቪዥኑን ከመወልወላችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት፤ የተገለጠውን ስፖንጅ ደግሞ ውኃ አታስነኩት፣ ጨርቅ አልብሱት።