ለስኳር ሕመምተኛ ወላጅዎ ከሜዲኬር የሚገባውን ለማግኘት

እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ጣቷን እየወጋች ስኳሯን ትለካ በነበረበት ወቅት፣ የምንገለገልበት ፋርማሲ ለሦስት ወር ብሎ 100 ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የስኳር መለኪያ ወረቀት) ብቻ ሰጣት። 100 ስትሪፕ ለእሷ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም። ኢንሱሊን እንደምትወስድ ሐኪሟ ያውቃል፤ ማዘዣው ላይ ግን አልሰፈረም ነበር። በአሜሪካ ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ብዙ ወገኖቻችን እንዲህ ባለ ግድፈት ምክንያት ከኪሳቸው ሲከፍሉ ስላየሁ፣ መንገዱን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ፓርት ቢ የተባለው ክፍሉ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ እስከ 300 ስትሪፕና 300 ላንሴት (ጣት መውጊያ መርፌ)፣ ለማይወስድ ደግሞ እስከ 100 ስትሪፕና 100 ላንሴት ይሸፍናል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣትዎ በፊት ማዘዣውን ያንብቡ። ሕመምተኛው ስኳር እንዳለበት፣ ምን ዓይነት መለኪያ እንደሚያስፈልገው፣ ኢንሱሊን ይወስድ እንደሆነና በቀን ስንት ጊዜ መለካት እንዳለበት በግልጽ መጻፍ አለበት። «እንደ አስፈላጊነቱ ይለካ» የሚል ማዘዣ ፋርማሲው ላይ ያስቸግራል፤ ቁጥር ይጻፍበት። ማዘዣው በየ12 ወሩ መታደስ ስላለበት ቀኑን የቤት ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። ከተባለው መጠን በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን በሕክምና መዝገቡ ላይ ማስፈር ይኖርበታል፤ በቤት ውስጥ የሚመዘገበው የልኬት ደብተርም ለዚህ ማስረጃ ስለሚሆን ባዶ ቀን እንዳይኖረው ይጠንቀቁ።

ለእነዚህ ዕቃዎች፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው በየዓመቱ ከኪሱ የሚከፍለው ዲዳክቲብል ከተሟላ በኋላ፣ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 20 በመቶው የሕመምተኛው ድርሻ ነው። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት መድን) ወይም ተጨማሪ መድን ያለው ሰው ይህም ሊሸፈንለት ይችላል። በመርፌ የሚወሰድ ኢንሱሊን፣ መርፌውና የአልኮል መጥረጊያው ግን መድኃኒት በሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ በፓርት ዲ ፕላን በኩል የሚገኙ ሲሆን፣ ከ2023 ጀምሮ ፕላኑ የሚሸፍነው እያንዳንዱ ኢንሱሊን ለአንድ ወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳያስከፍል በሕግ ተወስኗል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካውን መሣሪያም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ወይም ኢንሱሊን ባይወስድም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ እየወረደ የሚያስቸግረው ሰው ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ሐኪሙ መሣሪያውን ከማዘዙ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሕመምተኛውን አይቶት መሆን አለበት።

ዕቃውን ከመውሰድዎ በፊት ፋርማሲውን «ሜዲኬር የወሰነውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሜዲኬር ውስጥ ካልተመዘገበ አቅራቢ የተገዛ ዕቃ አይከፈልበትም፤ ሳይጠይቁት በራሱ ጊዜ በፖስታ ለሚላክ ስትሪፕም እንዲሁ ሜዲኬር አይከፍልም። ደውሎ «ነፃ መለኪያ እንላክልዎ» እያለ የሜዲኬር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን በፍጹም አይስጡ። ወላጅዎ ያሉት በግል መድን ድርጅት በኩል በሚሰጠው የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላን ከሆነ፣ ፕላኑ ቢያንስ ይህንኑ መሸፈን ቢኖርበትም የሚቀበለው የመለኪያ ዓይነትና ፋርማሲ የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መደወል ይበጃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ትምህርቱ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ሜዲኬር ስኳርን በራስ የመቆጣጠር ሥልጠና በመጀመሪያው ዓመት እስከ 10 ሰዓት ይሸፍናል፤ አንዱ ሰዓት ለብቻ፣ ዘጠኙ ደግሞ በቡድን ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 ሰዓት ይፈቀዳል። ስኳሩን የሚያክመው ሐኪም በጽሑፍ ካላዘዘው ግን አይጀመርም። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው እጅግ የሚጠቅም ነጥብ አለ። በቋንቋ፣ በማየት ወይም በመስማት ችግር ምክንያት በቡድን መማር ለማይችል ሰው፣ ሐኪሙ ይህንኑ በጽሑፍ ካሰፈረ ሥልጠናው በሙሉ ለብቻው ሊሰጠው ይችላል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናት ከሃያ ሰው ጋር ተቀምጠው ስለ ፓስታና ሳንድዊች ከሚሰሙ፣ ለብቻቸው ተቀምጠው ስለ እንጀራቸው ቢጠይቁ ይሻላል።

ከዚህ ሌላ የምግብ ባለሙያ ምክር አለ። በሐኪም ሪፈራል በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት 2 ሰዓት ይሰጣል፤ ሕመምተኛውም ምንም አይከፍልም። ሁለቱን አገልግሎቶች በአንድ ቀን እንዳይቀጥሩ፤ ሜዲኬር በዕለቱ ለሁለቱም አይከፍልም። እናቴ ለዚህ ቀጠሮ የሄደችው በፌስታል አንድ እንጀራ ጠቅልላ ነበር። ባለሙያዋ እንጀራውን ዘርግታ አራት ቦታ ቆረጠችውና፣ በአንድ ማዕድ ስንቱን ቁራጭ፣ ከስንት ጭልፋ ሽሮና ጎመን ጋር መብላት እንዳለባት በእጅ አሳየቻት። በጾም ቀን ኢንሱሊኗን እንዴት እንደምታስተካክልም ከሐኪሟ ጋር እንድትመክር ጻፈችላት። እናቴ ያንን ወረቀት ዛሬም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ማስተርጎሙ ቀላል ቢመስልም፣ የመድኃኒት መጠን ሲነገር ስሕተት ያመጣል፤ ወላጅም በልጁ ፊት ሕመሙን ሁሉ አይናገርም።

ክፍያው ከተከለከለ፣ በፖስታ የሚመጣው የሜዲኬር ማጠቃለያ ላይ ምክንያቱና የይግባኝ ማቅረቢያው አድራሻ ይገኛል። ማጠቃለያው ከደረሰዎት ጀምሮ 120 ቀን አለዎት። የሐኪሙን ደብዳቤና የልኬት ደብተሩን ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናውን እርስዎ ጋር ያስቀሩ። በየስቴቱ ያለው ሺፕ የተባለው የጤና መድን ምክር አገልግሎት ያለ ክፍያ ይረዳዎታል፤ የሜዲኬር ስልክ ደግሞ 1-800-633-4227 ነው፤ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። የእናቴ ጉዳይ ግን እዚያ ሳይደርስ ተፈታ። ሐኪሟ «ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ በቀን 3 ጊዜ ትለካለች» ብሎ አዲስ ማዘዣ ላከ፤ ፋርማሲውም የቀረውን ስትሪፕ በዚያው ሳምንት ሰጣት።