በአነስተኛ በጀት የእንጨት ሥራ ዎርክሾፕ ሲያደራጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤቱ ውስጥ የእንጨት ሥራ ለመጀመር ያሰበ ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚያልቅበት ገና አንድ ጣውላ ሳይቆርጥ ነው። በትንሽ ገንዘብ ደህና ዎርክሾፕ ማደራጀት ይቻላል። ዋናው ነገር የትኛው ዕቃ ይቅደም የሚለው ነው።

ሥራውን ሳይመርጡ ዕቃ መግዛት

"ምን ልግዛ?" ከማለትዎ በፊት "መጀመሪያ ምን ልሥራ?" ብለው ይነሱ። ለግድግዳ መደርደሪያ ሜትር፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)፣ የእጅ መጋዝ፣ ድሪል እና ካቻቢቴ ይበቃል። በርጩማ መሥራት ሲያምርዎ መሮ (እንጨት መፈልፈያ) እና መላጊያ (እንጨት ልጎ ማለስለሻ) ይጨምራሉ። እንዲህ ከሄዱ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያስገዛዎት ሥራው ራሱ ነው።

በሳጥን ተደርድሮ የሚሸጥ ርካሽ ስብስብም እዚሁ ይካተታል። ደርዘን መሮ በአንድ ዋጋ ማግኘት ያጓጓል። ግን ግማሹን አይነኩትም፤ ብረቱም ብዙ ጊዜ ስለት አይዝም። ባለ 6፣ ባለ 12 እና ባለ 25 ሚሊ ሜትር ሦስት ጥሩ መሮዎች አብዛኛውን የቤት ሥራ ይሸፍናሉ።

ስለትን መርሳት

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ስንቱን ጀማሪ ተስፋ አስቆርጧል። አዲስ መሮ ወይም መላጊያ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ገና መሳል ይቀረዋል። ጀማሪው ይህን አያውቅም። እንጨቱ ላይ ሲገፋው ይቦጭቅበታል። "ዕቃው አይረባም" ብሎ ውዱን ይገዛል። እሱም ጥቂት ከሠራበት በኋላ ይደነዝዛል። ደነዝ መሮ ደግሞ አደገኛ ነው። ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ሲያመልጥ የሚያርፈው ሌላው እጅ ላይ ነው።

መሳያው ግን ውድ አይደለም። ወፍራም መስታወትና በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት በቂ ነው። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ከሻካራው 400 ቁጥር ይጀምሩ፣ በ1000 ይቀጥሉ፣ በደቃቁ 2000 ይጨርሱ። መጀመሪያ የመሮውን ጠፍጣፋ ጀርባ ጫፉ አካባቢ ያስተካክሉ። ከዚያ ያዘቀዘቀውን ጎን በ25 ዲግሪ ገደማ ይሳሉ። በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይጎትቱት። ከጀርባው ወደ ጫፉ ውጭ በጣትዎ ቀስ ብለው ሲዳብሱ ሻካራ ነገር ከተሰማዎት መሳሉ እስከ ጫፉ ደርሷል። ያን ሻካራ ጀርባውን በደቃቁ ወረቀት ላይ አሽተው ያስለቅቁት። የለስላሳ እንጨት ቁራጭ በተቆረጠበት ፊት በኩል ሳይፈረፈር ከተላጨ ተስሏል።

የኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋይ ካለዎት አይቸኩሉ። ጫፉ በሙቀት ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ጥንካሬው ጠፍቷል። ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ትልቅ ማሽን ማስቀደም

የጠረጴዛ መጋዝ ማሽን ያምራል፤ ይገባኛል። ርካሹ ግን ብዙ ጊዜ እንጨቱን የሚመራው ብረት ይወላገዳል። ብረቱ ከምላጩ ጋር ትይዩ ካልሆነ የምላጩ የኋላ ጥርስ እንጨቱን ይዞ ወደ ሰውየው ሊወረውረው ይችላል። የተቆረጠው እንጨት ገጥሞ ምላጩን እንዳይቆነጥጥ ከምላጩ ጀርባ የሚቆመው መከፈያ ብረት የሌለውን ማሽን ደግሞ በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። ለጊዜው በእጅ የሚያዝ ሰርኩላር መጋዝና ቀጥ ያለ ጣውላ እንደ መሪ ተጠቅመው ፕላይውድ አሳምረው መቁረጥ ይችላሉ። ቦታም አይፈጅም።

በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ መሥራት

ጠረጴዛው ከተወዛወዘ መላጊያ ሲገፉ ግማሹ ጉልበትዎ ይባክናል፤ መስመርም አይጠበቅም። ከግንባታ የተረፈ ወፍራም እንጨት ካገኙ ከባድ ጠረጴዛ ይሥሩ፣ እግሮቹን በአግድምና በሰያፍ ይወጥሩ፣ ከግድግዳም ጋር ያያይዙት። ቁመቱ ቆመው እጅዎን ሲለቁ የእጅ አንጓዎ ጋ ቢደርስ ለብዙ ሥራ ይመቻል። ለመላጊያ ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል።

ሁለት እንጨት አጣብቆ የሚይዘው ሞርሴቶም ይናቃል። ነጭ የእንጨት ኮላ በደንብ የሚይዘው እንጨቶቹ ተጨምቀው ሲቆዩ ነው። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይጭመቁት፤ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ደግሞ 24 ሰዓት ይስጡት። በየሥራው ሁለት ሁለት ሞርሴቶ እየጨመሩ ይሂዱ። እስከዚያው ገመድ ዙሪያውን አስረው በዱላ ማክረር ለክፈፍና ለወንበር እግር ይሠራል።

ስኳድራን ሳይፈትሹ ማመን

ቀጥ ባለ የጣውላ ጠርዝ ላይ ስኳድራውን አሳርፈው መስመር ይሳሉ። ገልብጠው እዚያው ነጥብ ላይ ሌላ ይሳሉ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ስኳድራው ተዛብቷል፤ የሚያዩት ክፍተትም የስህተቱ እጥፍ ነው። ይህን ሻጩ ፊት አድርገው ይግዙ።

ያገለገለ ዕቃን መሸሽ፣ ወይም ሳያዩ መግዛት

ለአነስተኛ በጀት ያገለገለ የእጅ ዕቃ ትልቅ ዕድል ነው። ከላይ ያለ ዝገት አያስፈራ፣ ይጸዳል። የምላጩ ጀርባ ጫፉ አጠገብ በዝገት ከተቦረቦረ፣ ወይም የመላጊያው አካል ከተሰነጠቀ ግን ይተዉት። ማሽን ከሆነ ያለ ሥራ አስነስተው ያዳምጡ። ኩሽኔታው ካጉረመረመ ወይም ምላጩ የሚታሰርበት ዘንግ በእጅ ከተነቃነቀ የጥገናው ወጪ ይጠብቅዎታል።

ለእንጨቱ ገንዘብ አለማስቀረት

ርካሽ ነው ብለው እርጥብ ጣውላ ከገዙ ሲደርቅ በስፋቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ያጣበቁትንም ይለያያል። ካልቀረ በጣውላዎቹ መሃል ቀጫጭን ዱላ እያስገቡ ይደርድሩት፤ አየር እያገኘ ይድረቅ።

መከላከያን ለኋላ ማቆየት

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ከድሪሉ ጋር አብሮ ይገዛ። የዓይን መነጽርም እንዲሁ። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሲሰማ ጆሮን ይጎዳል፤ ብዙ የመጋዝ ማሽን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት አያድርጉ፣ ጨርቁን ከያዘው እጅዎን ይስባል። እንጨት የሚቀባበት የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከሰጋቱራው አርቀው፣ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።